ከሼህ እንድሪስ ኪታብ የጎደለው ቅጠል

ትርፌ በሩን እንደከፈተች ለእንግዳዋ ጓንት አቀበለቻት። «ከኤጀንሲው የተላክሽው ነርስ ነሽ? ዘገየሽ። ሼሁ አርፈዋል።»

«ፖሊስ ነኝ፤ ስንዱ እባላለሁ» አለች እንግዳዋ። «ጓንቱ ግን ይጠቅመኛል።»

ሼህ እንድሪስ ከፍታ ላይ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ኦሮራ በሚገኘው አፓርታማቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። በዚህ ከፍታ ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ ይከብዳቸው ነበር፤ አሁን ሶኬቱ ተነቅሏል። ፊታቸው የተዘረጋው የእጅ ጽሑፍ ኪታብ፣ ወሎ ካለው ስድስት መቶ ዓመት ከቆየ መድረሳ ለጥገና የመጣ ነው። በሳምንቱ ሊመለስ ነበር።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ቤታቸው እየመጣች በሆም ኬር የምትንከባከባቸው ትርፌ፣ ኪታቡን ስካን የሚያደርገው ፍሬዘርና በልጅነቱ በዚያው መድረሳ እሳቸው ዘንድ ንባብና ጽሕፈት የቀራው ሙሄ። ሙሄን ልጄ ይሉት ነበር። በዚያ ጠዋት ሦስቱም ቤቱ ገብተው ነበር።

ትርፌ ማሽኑ ሶኬቱ ሲነቀል እንደሚጮህ፣ ጎረቤትም አንድ ቀን በዚህ ተማርሮ እንደመጣ ተናገረች። ጎረቤቱ ዛሬ ምንም አልሰማም። ፍሬዘር ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ሼሁ ኪታቡን በሙሉ ስካን እንዳስደረጉት፣ ለማንም እንዳይነግርም እንዳስጠነቀቁት ገለጸ።

ከሰዓት ስንዱ ሦስቱን ሰበሰበች።

«ማሽኑ ያልጮኸው መጀመሪያ በማጥፊያው ስለጠፋ ነው። ሶኬቱ የተነቀለው አደጋ ለማስመሰል ነው። ኪታቡ ደግሞ የገጽ ቁጥር የለውም፤ ጸሐፊው የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ከታች ጥግ ላይ ይጽፋል። ዓረብኛ አላነብም፤ ቅርጽ ግን አወዳድራለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ስካኑ ውስጥ ያለው ቃል ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል። ቀጥሎ የነበረው የወረቀት ቅጠልም ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቃሉ የተለወጠው መጉደሉ እንዳይታወቅ ነው። ከስካኑ አስነበብኩት። ‹ይህ ኪታብ ለደረሳዎች መማሪያ በስጦታ የተሰጠ ወቅፍ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም› ይላል።»

«ምላጭ የያዘ ሁሉ ይቆርጣል» አለ ሙሄ።

«መቁረጡንማ ማንም ይችላል። ቃሉን አመሳስሎ መተካት የሚችል ግን የቀራ ሰው ነው። ትርፌና ፍሬዘር ፊደሉን አይለዩም።»

ሙሄ ወደ ኪታቡ ዞረ። ገዥ እንዳገኘለት፣ ገዥው ወቅፍ ያለበትን እንደማይወስድ፣ ሼሁም ጠዋት ቃሉን በጣታቸው እንዳሳዩት ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አልተቆጡኝም» አለ። «‹እጅህን አውቀዋለሁ፣ መጻፍ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ› አሉኝ። ለመድረሳው እደውላለሁ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያኔ ማሽኑን አጠፋሁት።»

ቅጠሉ ከሙሄ መኪና ውስጥ ተገኘ። ሙሄ ታሰረ፤ ሼሁ ኦሮራ ተቀበሩ። ኪታቡ ማስረጃ ሆኖ ፖሊስ ዘንድ ቀረ። በዚያ ሳምንት መድረሳው የደረሰው የፍሬዘር ስካን ብቻ ነበር።