ከግራው ተረከዝ ሥር

ግራዝማች ተክለጊዮርጊስን አንኮበር ከቤታቸው ሥር ካለው ገደል ግርጌ ሞተው አገኟቸው። በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ራሳቸው ከኋላ በኩል ድንጋይ ላይ ተፈጥፍጧል፤ አሞራም ከፖሊስ ቀድሞ ደርሶ ዓይናቸውን ወስዶታል። ደህና የቀረው እግራቸው ብቻ ነበር። ለሚያዝያ ሃያ ሰባት በዓል ብለው ያሳደሱት የጣሊያን ከስክስ ጫማ ሬሳው ላይ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል።

ከደብረ ብርሃን የተጠራው መቶ አለቃ ወርቅአገኘሁ ፊታቸውን አንዴ አይቶ ወደ ጫማው ጎንበስ አለ። ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የቀኙ ጫማ ማሰሪያ ቁርጭምጭሚታቸውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። የግራው ተፈትቶ ተንዘላዝሏል። ሶሉን ገልብጦ ሲያየው ዙሪያውን ምስማር ተመትቶበታል። ከዚያ የሟቹን ቀኝ እጅ አነሣ፤ ከድሮ የጦር ቁስል የተረፉት አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ ናቸው።

«ምን ያደክምዎታል ጌታዬ?» አለ አጠገቡ የቆመው ብርሃነ መስቀል። የሟቹ የእህት ልጅ ነው፤ ግራዝማች ልጅ ስላልወለዱም ወራሻቸው። «አጎቴ ማለዳ ማለዳ አፋፉ ላይ ቆመው ቆላውን ማየት ልማዳቸው ነበር። አዲሱ ሶል አንሸራተታቸው። ያንን ጫማውን ያደሰውን ፋቂ በረት ውስጥ አስሬ እያስገረፍኩት ነው። ሆን ብሎ ነው።»

«ሆን ብሎ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ትናንት ጫማውን ሲያመጣ አጎቴ አንበርክከው እግራቸው ላይ አስጠለቁት። ሲጨርስ በዚያው ጫማ ደረቱን መትተው በጀርባው ጣሉት፤ ጥንካሬውን ልሞክር ብለው ነው።» ብርሃነ መስቀል ትዝ ሲለው ሳቅ አለ። «ቂም ይዞ ይሆናል።»

ወርቅአገኘሁ አልሳቀም። «በዚህ እጃቸው ማሰሪያ ማሰር ይችሉ ነበር?»

«የት ይችላሉ! ሚስታቸው ናት የምታስርላቸው። ከእሷ በቀር ሌላ ሴት እግራቸውን አትነካም። እሷ ከሌለች እኔ እንበረከካለሁ።» ይህን ሲል ፈገግታው ጠፋ።

ሬሳውን ሲያወጡ መቶ አለቃው ብቻውን ወደ አፋፉ ሄደ። ሟቹን ያየው በሥር የሚያልፍ ገበሬ ስለነበር ቦታውን የረገጠው የለም። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበርና አፈሩ ሁሉንም ይዞ አቆይቷል። ገደሉ ጫፍ ላይ የምስማር ጫማ ዱካ ጎን ለጎን ተተክሏል። ጣቱ ወደ ቤቱ፣ ተረከዙ ወደ ገደሉ ነው። ምስማሩ መሬቱን አልቧጠጠውም። ከዱካው ፊት ለፊት ሁለት የጉልበት ጉድጓዶች አሉ፤ ዙሪያቸውንም ሣሩ በሰፊው ክብ ሆኖ ተኝቷል።

ወደ ቤት ሲመለስ የለቅሶው ድንኳን ተተክሏል። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ወለተሐና መሐል ቆመው ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ያወርዳሉ፦

«ያንን ሁሉ ዳገት እያነከሰ ወጣ፣
ቁልቁለቱ ላይ ግን ምን አግኝቶት ታጣ።»

ለቀስተኛው ሁሉ እየተቀበለ አለቀሰ። መቶ አለቃው ብርሃነ መስቀልን በክርኑ ነካ አደረገው።

«ግራዝማች ያነክሱ ነበር?»

«አጎቴ? እንደ ጎረምሳ ነበር የሚራመዱት።»

«ጫማው ከየት የመጣ ነው?»

«አገር የሚያውቀው ታሪክ ነው እኮ! የእሜቴ የወለተሐና የመጀመሪያ ባል ገብረ ጻድቅ የሚባል የአጎቴ የጦር ጓድ ነበር። አንድ የጣሊያን መኮንን ገደለው። አጎቴ መኮንኑን በዚያው ቀን ገድለው ጫማውን ገፈፉት። ለእሷም የባልሽን ደም መለስኩልሽ ብለው አመጡላት፤ ከተዝካሩ በኋላ አገቧት።»

ወርቅአገኘሁ ወደ በረቱ ሄደ። ጫማ ሰፊው ገብረአብ ምሰሶ አቅፎ ታስሯል። ሸሚዙ ከጀርባው ቁስል ጋር ተጣብቋል። መቶ አለቃው ውሃ አጠጣው፤ ገመዱን ግን አልፈታለትም፤ ገና ማንንም ነጻ አላወጣም ነበርና።

«ስለ ጫማው ንገረኝ።»

«ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር ጌታዬ። በለብታ ውሃ ጠርጌ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ሰምና ሞራ አቅልጬ፣ እስኪጠጣ ድረስ አሸሁት። ሶሉ በስብሶ ነበር፣ አዲስ ሰፋሁለት። እንዳያንሸራትታቸው ብዬ ነው ምስማር የመታሁበት፤ ይኸው አንሸራተታቸው ተብዬ ተገረፍኩ።»

«ውስጡስ?»

«የግራውን የውስጥ ቆዳ ስገነጥለው ከተረከዙ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አገኘሁ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነው፤ አረንጓዴና ቀይ፣ በእጅ የተጠለፈ። አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ተረከዙን ከፍ ለማድረግ እንዲህ ያደርጋል። የሰው ንብረት ነው ብዬ ከጫማው ጋር መለስኩት።»

«ለማን?»

«ለእመት ወለተሐና፣ በእጃቸው።»

ከበረቱ ወጥቶ በጓሮ ሲያልፍ አጥር ላይ አንድ ነጭ ቀሚስ ተሰጥቶ አየ። ገና አልደረቀም። ጉልበቱ አካባቢ የሣር አረንጓዴ አልለቀቀም። ወይዘሮዋን ወደ ጓዳ አስጠራቸው።

«ጫማውን ማን ነበር የሚንከባከበው እመት?»

«እኔ ነኛ። በየሰንበቱ ቅቤ አጠጣው ነበር። የገብረ ጻድቅ ደም የተመለሰበት ነው ብዬ ስሜው ነው የማስቀምጠው።»

«ጫማ ሰፊው ትናንት ጨርቅ ሰጥቶዎት ነበር?»

«የምን ጨርቅ? አላየሁም።»

«ዛሬ ጠዋት ማሰሪያውን ማን አሰረላቸው?»

«እንጃ። ተኝቼ ነበር።»

ሬሳው ታጥቦና ተገንዞ አዳራሹ ውስጥ አልጋ ላይ ተጋደመ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቱ በፊት መቶ አለቃው በሩን አዘጋ። ወይዘሮ ወለተሐና፣ ብርሃነ መስቀልና ከምሰሶው ተፈትቶ የመጣው ገብረአብ በሬሳው ዙሪያ ቆሙ። ከስክሱን መሬት ላይ አኖረው።

«ግራዝማች አልተንሸራተቱም» አለ። «ቢንሸራተቱ ምስማሩ መሬቱን ይቧጥጠው ነበር። ቀጥ ብለው፣ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው ነው የቆሙት። ሰው ጀርባውን ለገደል የሚሰጠው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ሲንቅ ወይም ሲያምን ነው። ፊት ለፊታቸው ያለው ሰው ተንበርክኮ ነበር። ማሰሪያ እያሰረ።»

«ፋቂው ነው! አላልኩም?» አለ ብርሃነ መስቀል።

«ትናንት የተንበረከከው እሱ ነው። አንተም ትንበረከካለህ። ሁለታችሁም ግን ጠባብ ሱሪ ነው የለበሳችሁት፤ ሱሪ የለበሰ ሰው ሁለት ጉድጓድ ትቶ ይነሣል። አፋፉ ላይ ሣሩ ዙሪያውን ተኝቷል፤ ሰፊ ቀሚስ ተዘርግቶበት ነበር። በዚህ ቤት እግራቸውን የምትነካው ሴት አንዲት ናት። ቀሚሷም ታጥቦ ጓሮ ተሰጥቷል። በለቅሶ ቀን ልብስ የሚያጥብ የለም፤ ለቅሶ መኖሩን ማንም ሳያውቅ የታጠበ ካልሆነ በቀር።»

ብርሃነ መስቀል አፉን ከፍቶ ወደ ወይዘሮዋ ዞረ። እሳቸው የሚያዩት ጫማውን ነበር።

«ምክንያቱን ያገኘሁት ከሙሾዎ ነው» አለ መቶ አለቃው ወደ እሳቸው ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እያነከሰ ዳገት ስለወጣ ሰው አለቀሱ። ግራዝማች አያነክሱም። ገብረ ጻድቅ የትኛው እግሩ ነበር ያጠረው?»

«ግራው» አሉ ወይዘሮ ወለተሐና።

«የጣሊያን መኮንን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ተረከዙ ሥር አይከትም። ስለዚህ ጫማውን ከመኮንኑ የገፈፈው ገብረ ጻድቅ ራሱ ነው። አድርጎትም ከርሟል። ግራዝማች ደግሞ ከገብረ ጻድቅ ገፈፉት። ጨርቁን አላየሁም ብለው ዋሹኝ። የት አለ?»

ወይዘሮዋ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደው አወጡት። እንደ ቁርበት ደርቆ፣ የሰው ተረከዝ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል።

«ሲዘምት ከሠርግ ቀሚሴ ቀድጄ የሰጠሁት ነው» አሉ። «ጠዋት ማሰሪያ ሳስርላቸው አሳየኋቸው። ጣሊያን ገደለው ያሉኝን እንዲደግሙልኝ ፈልጌ ነበር። ቢዋሹኝ አምናቸው ነበር፤ እግዜር ያውቃል። እሳቸው ግን መዋሸቱም ሰለቻቸው። ‹በጥይት መታሁት፤ ጫማውን ሳወልቅለት ገና ነፍሱ አልወጣችም፣ ስምሽን ይጠራ ነበር› አሉኝ። ለምን አልኳቸው። ‹ለጫማውና ላንቺ፤ መጀመሪያ ለጫማው› አሉኝ።»

ገብረአብ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«የት ጣሉት አልኳቸው። ሳቁ። ‹ይኸው ከኋላዬ ነው፤ ስንት ዓመት ቁልቁል ስታዪው ኖረሻል› አሉኝ። ቀኙን አስሬ ግራውን ጀምሬ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሁለቱንም ቁርጭምጭሚታቸውን ያዝኩና ብድግ አልኩ።»

መቶ አለቃው ካቴናውን አወጣ። «የሚጠብቅዎት ስቅላት ነው እመት። ልዋሽዎ አልችልም።»

«አልጠየቅሁህም። አንድ ነገር ብቻ ፍቀድልኝ። ከመሄዳችን በፊት ወርጄ አጥንቱን ልልቀም። ገብረአብ ያግዘኛል።»

ገብረአብ በቆሰለ ጀርባው ወደፊት ራመድ አለ። ብርሃነ መስቀል ግን በሩ ላይ ተገተረ።

«ከዛሬ ጀምሮ መሬቱ የእኔ ነው። ማንም አይወርድም! አጎቴን ከሃዲ ልታሰኟቸው ነው? ደሞስ ይህን ሁሉ ዓመት ጅብ የተመላለሰበት ገደል ነው፤ ምን ትለቅሚያለሽ?»

ሁሉም መቶ አለቃውን አዩት። ወርቅአገኘሁ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል። የሞተ ሰው አይከሰስም፤ ክስ በሌለበት ደግሞ የሰው ርስት ገብቶ የሚፈትሽበት ትእዛዝ የለውም። እሺ ቢል ግን ያን ቀን ለምን ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ሆኖም ካቴናውን ቆለፈ።

ሬሳው በባንዲራ ተሸፍኖ በአንድ በር ሲወጣ ወይዘሮ ወለተሐናን በሌላው አወጧቸው። ነገሩ ከአዳራሹ ሾልኮ ወጥቶ ነበርና ሲያለቅሱ የዋሉት ሴቶች ምራቃቸውን ተፉባቸው፤ አንዷም የወረወረችው ድንጋይ ትከሻቸውን መታቸው። እሳቸው አልዞሩም።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን ዳገት ሲያጋምሱ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የጠመንጃ ተኩስ አስተጋባ። ወይዘሮዋ ቆሙ።

«ለማን ነው የሚተኮሰው?»

መቶ አለቃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አየ። «ለአርበኛው» አለ።

«እንግዲያማ ለገብረ ጻድቅ ነው» አሉና ተኩሱ እስኪያባራ ድረስ በታሰረ እጃቸው ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ቆመው ጠበቁ።