ሳትነከስ የዋለች ፀሐይ

ያን ቀን ጠዋት ፀሐይ ከጎኗ ጎደለች። ሰው ሁሉ ከምሠራበት ላውንደሪ ፊት ለፊት ወዳለው ብየዳ ቤት ሮጠ፤ በያጁ ማስኩን እያዋሰ ያሳያል አሉ። እኔም ካውያዬን ነቅዬ ሄድኩ።

«ምን ታየሽ?» አለኝ፣ ማስኩን አጥልቆልኝ።

«የተገመጠ ዳቦ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ማስኩ ውስጥ ስለሆንኩ ማንም አላየኝም።

በዚያው ተዋደድን። አባቴ ግን «ልጄን ለበያጅ? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሞከርም!» አለ። ብዙም ሳይቆይ አልጋ ላይ ዋለ፤ አስታማሚዋ እኔው ሆንኩ። በያጁ ውጭ አገር ሥራ አገኘና «አብረን እንሂድ» ቢለኝ፣ አባቴን ለማን ልተወው?

«ይቺ ግርዶሽ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ትመለሳለች አሉ» አለኝ ሲሰናበተኝ። «ያን ቀን እዚሁ ላውንደሪው በር ላይ ጠብቂኝ።»

«በጤናህ ነው? ያኔ እኮ እናረጃለን!»

የሚደውለው ስልክ መጀመሪያ ሳሳ፣ ኋላ ጠፋ። አባቴ ዓመታት ተኝቶ አረፈ። ለቅሶው ላይ እንባ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደስታም ኀዘንም ለእኔ አንድ ናቸው፤ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ይመሻል። ያን ቀን መጠበቅ ብቻ አልተውኩም።

ቀኑ ሲቃረብ መምህሩ ወንድሜ አዘነልኝ።

«እህት ዓለም፣ መመለሱንስ ግርዶሿ ትመለሳለች። ግን የዓለምን ሲሶ ወደ ምዕራብ ተሻግራ ነው። እሱ ያለበት አገር ትታያለች፤ እኛ ጋ ምንም የለም።»

«ይሁና» አልኩት። በቃ፣ አይመጣም። ምንም አልተሰማኝም።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ ሙሉ ሆና ዋለች። አመሻሽ ላይ ጠጉሩ የሸበተ ሰው በሩ ላይ ቆመ፤ ያቺን ማስክ በብብቱ ይዟል።

«ግርዶሹ እኮ እዚህ የለም» አልኩት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

«አውቃለሁ። እኔ ሰፈር ሰው ሁሉ ይሄኔ አንጋጧል።»

«ታዲያ ትተኸው መጣህ?»

«አንቺ ያለሽው እዚህ ነዋ።»

«ሚስት የለችህም?»

«ቀጠሮ እያለኝ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የደንበኛ ሸሚዝ ሲቃጠል እንኳ አልሸተተኝም፤ ካውያውን ያነሳው እሱ ነው። እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና ማስኩን አጠለቀልኝ።

«ምን ታየሽ?»

ክብ ፀሐይ ነበረች። ከዚያ ደበዘዘች። ለአባቴ እምቢ ያለው እንባ መጣ።

«ምንም አይታየኝም» አልኩት።

ድምፄን ሰማው። ትከሻዬን ያዘ።

«ቆይ አታውልቂው» አለኝ። «የምቸኩልበት የለኝም።»