«ይተካልሽ» ያለችው

ካባው ጠፋ።

ጤናዬ ሐሙስ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ቁልፉ ደህና ነበር፤ መስቀያው ግን ባዶውን ቆሟል። ወርቀ ዘቦ ጥልፍ ያለበት፣ ቅዳሜ ሙሽራ የምትደርበው ካባ ነበር። መርካቶ ላይ «የጤናዬ ካባ» ማስባል ዕድሜ የፈጀ ስም ነው። ሙሽራ ባዶ እጇን ከሸኘች ማን ደግሞ ይመጣላታል?

ሳጅን ሶሬሳ ደርሶ እየጻፈ ሳለ ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሁሉም «ያስገኝልሽ» አሏት። የሱቋ ልብስ ሰፊ ባይነሽም እንባ አቅርራ፣ «እግዜር ይተካልሽ እህቴ» አለቻት።

የሱቁ ቁልፍ ያለው በጤናዬና በባይነሽ እጅ ብቻ ነው። ጤናዬ ግን ባይነሽን ገና ሳትጠየቅ ከጥርጣሬ አወጣቻት። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ጤናዬ የባይነሽን ልጅ ክርስትና አንስታላታለች። ነገሩ ተሸካሚው ሰሚር ላይ ወደቀ። ትናንት ከዚሁ በር ማዳበሪያ ተሸክሞ ሲወጣ ታይቷል።

ሰሚር ሲጠየቅ ሳቀ።

«ጭድ ተራ ፍራሽ ሠሪዎች ጋ ነው ያደረስኩት፣ ለፍራሽ መሙያ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው።»

«የማን?» አለ ሳጅኑ።

«የባይነሽ ነዋ። እኔ መርፌ ስይዝ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ጤናዬ ውሸታም ልትለው አፏን ስትከፍት ሳጅኑ ቀደማት።

«እትዬ ጤናዬ፣ ባይነሽ ጠዋት ምን አለችዎት?»

«ይተካልሽ።»

«ሌላው ሁሉ ያስገኝልሽ ነው ያለው። ይተካልሽ የሚባለው ለተቃጠለ፣ ለሞተ ነው። ገና ፍለጋ ሳንጀምር እንደማይገኝ ማን ነገራት?»

ጭድ ተራ ማዳበሪያው ገና አልተፈታም ነበር። ጤናዬ እጇን ሰደደች። የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ወርቀ ዘቦው አብለጨለጨ። መቀሱ አልተጣደፈም፤ ስፌት ስፌቱን ተከትሎ ሄዷል። ያን እጅ ታውቀዋለች።

ሱቅ ተመልሰው ቁራጩን ሲያሳዩአት ባይነሽ አልካደችም። ከስፌት መኪናዋም አልተነሳች።

«ዓምና ጥምቀት ሰሞን» አለች፣ «ደንበኛ ሞልቶ ‹ይሄን እጅጌ በእግርሽ ነው የሰፋሽው?› ብለሽ ወረወርሽልኝ።»

ጤናዬ ቀኑን ልታስታውሰው አልቻለችም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ፊት ምን ልበልሽ? እሺ እህቴ ብዬ ሳቅኩልሽ። በማግሥቱ ለብቻ ጠርተሽ ይቅርታ ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ዓመት ጠበቅኩ። አንቺ የምር የሳቅኩ መሰለሽ።»

ይሄኔ የተራው ሽማግሌ ጋሼ ፈለቀ ገቡ። ነገሩ ጣቢያ ከሚደርስ በሽማግሌ ይለቅ፣ ለሙሽራዋም ቤተሰብ ሌባ ገባ ብንል ይበቃል፣ የእህትማማች ገመና ለገበያ ምን ያደርጋል አሉ። ባይነሽ ብድግ ብላ ጤናዬን ልትስም ጎንበስ አለች። ፈገግታዋ ቀድሟት ደርሷል።

ጤናዬ ፈገግታውን አየችው። በየማለዳው ሱቋን የምትከፍተው ይህንኑ እያየች ነበር። የትኛው የምር፣ የትኛው ቂም እንደነበር ልትለይ ሞከረች፤ አቃታት።

ወደ ኋላ ሸሸች።

«ጋሼ ፈለቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሙሽራዋ እናት የሆነውን እንዳለ እነግራታለሁ።» ወደ ሳጅኑ ዞረች። «ክሱ ላይ የት ጋ ነው የምፈርመው?»