የሂሩት «አዎ»

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ መጎርጎር የምጀምር ሰው ነኝ፣ ዛር፣ ጂኒ፣ የተደገመበት ቤት ሲባል ሳቄ ይመጣል፣ ቢሮም «ሰናይት እያለች አታውሩ፣ ታሾፍባችኋለች» ነው የሚሉኝ፣ ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ ራሴም እያፈርኩ ነው፣ ግን እመኑኝ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ታላቅ እህቴ ሂሩት ካዛንቺስ ነው የምትኖረው፣ የሒሳብ መምህርት ናት፣ ክርክር ትወዳለች ብላችሁ አይገልጻትም፣ ማለቴ፣ ከታክሲ ረዳት ጋር፣ ከዕድሩ ዳኛ ጋር፣ ከነፍስ አባቷ ጋር ሳይቀር ትከራከራለች፣ ደግሞ ትረታለች። ባሏ ጌታሁን ዝምተኛ ነው፣ በተሸነፈ ቁጥር ፈገግ ብሎ «እሺ በቃ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን» ይላል፣ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

የጌታሁን ባልደረባ ነው ስለ ጥናቱ የነገራቸው። ኡራኤል ጀርባ አንድ ፎቅ ላይ፣ ሽቦ ያለው ቆብ ጭንቅላትህ ላይ ያደርጉና ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ፣ ከዚያ ሰው የሌሎችን ሐሳብ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀበል፣ ወንድና ሴት ላይ ይለያይ እንደሆነም ያያሉ አላቸው። ሂሩት ይሄን ስትሰማ «እስቲ እኔን በኤሌክትሪክ ያሳምኑኝ!» ብላ ሳቀች፣ ባሏን ጎትታ ቅዳሜ ሄደች፣ እኔም ከዚያ ምሳ ልንበላ ስለነበር አብሬ ሄድኩ።

ከመስታወት ውጭ ነበር የተቀመጥኩት። ለጥናቱ የመጡት ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ቆቡን አድርገው ተቀምጠዋል፣ ፊት ለፊታቸው ስክሪን ላይ የማያውቁት ሰው ፊት ይመጣል፣ «ይታመናል» ወይ «አይታመንም» እያሉ ተራ በተራ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። ሂሩት እንደለመደችው የሁሉንም መልስ ስትቃወም እኔ ብቻዬን እስቃለሁ። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር፣ ቀጭን ልጅ እግር ነው፣ «አሁን እንለቃለን» ብሎ እጁን ሲዘረጋ መብራት ድርግም አለ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ወንዶቹ እያጉረመረሙ ቆቡን አውልቀው ተነሱ።

ሴቶቹ አልተነሱም። ጥቁሩን ስክሪን እያዩ፣ ልክ ፊት የሚመጣላቸው ይመስል፣ «አይታመንም»፣ «አይታመንም»፣ «አይታመንም»፣ ሂሩትም በእነሱው ድምፅ፣ «አይታመንም»። በመካከል ደግሞ ጥርስ ሲፋጭ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ ከየት እንደሆነ አላውቅም። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «ገና አልለቀቅንም እኮ» አለኝ፣ ጠይቄው እንኳን አይደለም። ከዚያ ሲያጨበጭብ ሁሉም ዓይናቸውን እያሹ ተነሱ፣ ምሳም በላን፣ ሂሩት ግን ሒሳቡ ሲመጣ እንኳን ከአስተናጋጁ ጋር አልተከራከረችም።

ከዚያ እቤታቸው በሄድኩ ቁጥር የሆነ ነገር እየባሰ መጣ። መጀመሪያ ጌታሁን «ወጡ ጨው አልበዛበትም?» አለ፣ «አዎ» አለች። ተገርሞ አያት፣ በኋላ እንደ ቀልድ «ለነገሩ አንቺ መቼ ሙያ አለሽ» አለ፣ «አዎ»። «ተማሪዎችሽም ይስቁብሻል።» «አዎ፣ ይስቁብኛል።» ደስ ብሎታል ወዳጆቼ፣ ስንት ዓመት ሲሸነፍ የኖረ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ደስታ አይቼዋለሁ፣ ያስጠላል።

«ጌታሁን፣ አታፍርም?» አልኩት።

«እሷ ካመነች አንቺ ምን አገባሽ?»

አንድ ቀን ግን ሦስታችንም ዝም ብለን ቴሌቪዥን እያየን ሂሩት ድንገት «አዎ» አለች። ማንም አልተናገረም። ጌታሁን ፊቱ አመድ መሰለ፣ አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተና «ልጃችንም የሞተው በአንቺ ነው» አላት። ሕፃኑ በተወለደ ሳምንቱ ነው የሞተው፣ በዚያ ቤት ስሙ ተነስቶ አያውቅም። እሷ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

ዶክተሩ ጋ ሄድኩ፣ «ማሽኑ አልበራም ነበር፣ ምን ልበልሽ?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ከዚያ ጌታሁን ራሱ ባምቢስ አንድ ካፌ ጠራኝ፣ ከስቷል፣ በሰው ፊት ያለቅሳል። «ሰኒ፣ በእናቴ፣ እኔ ማለት አልፈልግም፣ እሷ ቀድማ አዎ ትላለች፣ ከዚያ ከአፌ ይወጣል፣ አስቤው የማላውቀው ነገር ነው የሚወጣው።»

«የሚያሰቃይ ወንድ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው» ብዬው ጥዬው ወጣሁ፣ በዚያው እህቴን ላመጣት ካዛንቺስ ሄድኩ፣ እሱም ከኋላ ከኋላዬ መጣ፣ ደረጃውን በሩጫ ቀድሞኝ ገባ።

አመሻሽ ነው፣ መብራት አላበሩም። ሂሩት ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ጌታሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ አፉን በእሷ ሻርፕ ጠፍሮ አስሮታል፣ በሁለት እጁ ደግሞ ከላይ ይዞታል።

«ሂሩትዬ ተነሺ፣ እኔ ጋ እንሂድ፣ ልብስሽን በኋላ እናመጣዋለን» አልኳት።

ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፣ የተማሪ ፈተና ስታርም እንደምታየው ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ከዚያ በደንብ፣ አጥርታ፣ «አዎ» አለች።

ጌታሁን ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፣ እንባው ይወርዳል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ከሻርፑ ሥር መንጋጋው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ወጣሁ፣ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፣ አስፋልቱ ጋ ስደርስ አንድ እግሬ ጫማ የለውም።

እናታችን «እህትሽን ምን አድርጋሽ ነው የራቅሻት?» ትለኛለች፣ ምን ብዬ ልመልስ? ስለ እኔ ምን ላይ እንደተስማማች አላውቅም። የማስበው ጌታሁንን ነው፣ ያንን ሻርፕ እስከ መቼ ይዞት ይቆያል፣ እጁም ይደክመዋል እኮ።