ያልተጣለው ቅጂ

ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት ሾላ ገበያ ጀርባ ያለውን መጋዘኗን ስትከፍት መጀመሪያ የምትሠራው አንድ ሥራ ነው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ አንድ በአንድ ታሸታለች። ዐቢይ ጾም ስለሆነ እሷም አትቀምስ፣ ለፋሲካ ከእሷ የሚገዙትም አይቀምሱ፤ ሁሉም የእሷን አፍንጫ አምኖ ነው የሚወስደው።

ዘንድሮ ያስቸገራት ቅቤው ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ የከፈተችው ሱቅ ነው። ገጹ ሲከፈት ይንቀራፈፋል፤ ደንበኛ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳል። በዓሉ ሳይደርስ ካልተስተካከለ ሃያ ዓመት የለፋችበት ስም አለቀለት ማለት ነው።

ባለሙያው አቤኔዘር መጥቶ መጋዘኑ ጥግ ከተቀመጠው፣ ሰርቨር ከሚሉት ጥቁር ሣጥን ፊት ቁጭ አለ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ሰው በጠየቀው ቁጥር ገጹን ከባዶ እየሠራ ነው የሚደክመው። አንዴ የሠራውን ቅጂ አስቀምጦ ያንኑ እንዲያቀርብ ላድርገው። አሮጌው ቅጂ በየስንት ሰዓቱ ይጣል?»

«ለምን ይጣላል?»

«ያረጃላ!»

«ቅቤ ሲያረጅ አይደል መድኃኒት የሚሆነው? እኔ ቤት ምንም አይጣልም አልኩህ።»

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለ እየሳቀ። ቅቤ እንደታቀፈች ፎቶ አነሳትና ፎቶውን ፊተኛው ገጽ ላይ ለጥፎ ሄደ።

እውነትም ገጹ ፈጠነ፤ ትእዛዙም ጎረፈ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ደወለችላት።

«እትዬ፣ አዝዤ ስልኬን እንኳ ሳላስቀምጥ እርስዎ ራስዎ በሬ ላይ ቆመዋል እኮ! ግን እጅዎ ምን ሆኖ ነው? ስጨብጥዎት አሟለጨኝ።»

ደብሪቱ ከመጋዘኗ ንቅንቅ አላለችም ነበር። «ሌላ ሰው ይሆናል» ብላ ዘጋችው፤ መዳፏን ግን ሳታስበው በቀሚሷ ጠረገች።

ሽታው የመጣው ያን ቀን ነው። የበሰለ ቅቤ ሽታ አልነበረም፤ ሙቀት ውስጥ የከረመ ሞራ ካልታጠበ ጸጉር ጋር የተቀላቀለ የሚመስል፣ ምላስ ላይ ተለጥፎ አልለቅ የሚል ሽታ ነበር። ቅቤዋን ሁሉ አገላብጣ አሸተተች፤ ደህና ነው። ወደ ሣጥኑ ስትጠጋ በቀዳዳዎቹ ቢጫ ስብ ሲያልበው አየች፤ በጨርቅ ስትጠርገው ስቡ ሽበት ያለበት ረጅም ጸጉር እየጎተተ ወጣ፣ ስትስበው አያልቅም፣ ልክ እንደ ራሷ ጸጉር ጫፉ በሂና የቀላ ነው። ሶኬቱን መንጭቃ ነቀለችው፤ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን እንደሚያመነዥክ ከብት እርጥብ እርጥብ እያለ ቀጠለ።

መጋዘኑን ሳትቆልፍ ወጣች። ታክሲው ውስጥ አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሽታውን በልብሴ ይዤው መጣሁ ብላ አፈረች። ቤቷ ስትደርስ ቀትር ነበር። ፀሐይ ያጋለውን የቆርቆሮ በር በመዳፏ ደበደበች።

«ማነው?» አለች ልጇ ምንትዋብ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እናትሽ። ክፈቺ!»

የራሷ ድምፅ፣ ያው ችክ ያለው ድምፅ፣ ከበሩ ማዶ መጣ።

«እንዳትከፍቺላት፤ ዛሬ እንኳ እኔን መስላ ስትመጣ አምስተኛዋ ናት።»

ደብሪቱ እጇን ከቆርቆሮው አነሣች፤ ጣቶቿ ግን እዚያው ተለጥፈው ቀሩና ቢጫ እየሆኑ ቀስ ብለው ወደ ታች መንሸራተት ጀመሩ።