ውድነሽ የጻፈችው ሰው

በ1978 ዓ.ም. ክረምት አሰላ ላይ አርባ አምስት ቀን የሚፈጅ የራዲዮ ጽሑፍ ሥልጠና ተከፈተ። ከየወረዳው የተላኩ ሃያ ሁለት ወጣቶች አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ታጨቁ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አስተማሪው ጋሽ ይርሳው ይጮኻሉ፤ ሲያባራ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ይረሳሉ።

ውድነሽ ተክለወልድ የዚያው የአሰላ ልጅ ነበረች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። «ጎበዝ» መባል ትወዳለች።

ለመጀመሪያው የቤት ሥራ ስለ አንድ ታታሪ ገበሬ ጻፈች። ጋሽ ይርሳው አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ይነሣል፣ ያርሳል፣ መፈክር ያሰማል። አያስነጥስም? ሚስቱን አይፈራም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ውድነሽ አንገቷን ደፋች። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ብቻ አልሳቀም። ከሲሬ የመጣ፣ ቱፋ የሚባል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነው።

«የኔን ደግሞ ነገ ይቀድዱታል» አላት በሹክሹክታ።

አልቀደዱትም። ስለ አንድ ባለጋሪ የጻፈውን ሲያነቡት ክፍሉ ጸጥ አለ። ወደ ውጭ ሲወጡ ውድነሽ ተከተለችው።

«እንዴት ነው የምትጽፈው?»

«ከመጻፌ በፊት አያለሁ። ነይ ላሳይሽ።»

ገበያ ወሰዳትና ገብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት አቆማት። ሴትዮዋ ገዢ በመጣ ቁጥር እጇን ክምሩ ላይ ታሳርፋለች።

«ምን የፈራች ይመስልሻል?»

«እንዳይሰርቋት ነዋ።»

«አይደለም። ጥሩውን ከላይ፣ ነቀዝ የበላውን ከሥር አድርጋለች። እጅ ሰዶ የሚያገላብጥባት ሰው እንዳይመጣ ነው የፈራችው።»

ውድነሽ ሴትዮዋን አየቻት፤ ከዚያ ቱፋን አየችው። እሱ አሁንም የሚያየው ሴትዮዋን ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ንቀት የለም። ሰውን ከነጥፋቱ እንዲህ አድርጎ የሚያይ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብረው ወጡ። በጭቃው መንገድ ጎን ለጎን ሲሄዱ ብዙ ጊዜ አያወሩም። እሷ ሌላ ቦታ የምታይ መስላ ታየዋለች። ከባድ ነገር ሊናገር ሲል የግራ እጁን አውራ ጣት በቀኙ ያሻል። ይህን ልብ ብላ ያዘች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ አግኝቷቸው አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ቱፋ አውራ ጣቱን ማሸት ጀመረ።

«አምና ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል ስሜ ተጠርቶ ነበር» አለ። «አልሄድኩም።»

ውድነሽ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች።

«አዳዳ ደበቀችኝ።» አዳዳ የሚላት ያሳደገችውን የአባቱን እህት፣ ወይዘሮ ዲንቂን ነው። «የወለደችው አንድ ልጇ ኦጋዴን ቀርቷል። እኔ ስጠራ አልቅሳ እንኳን አልለመነችኝም። እጄን ይዛ ጎተራው ውስጥ አስገባችኝና ገብሱን በላዬ መለሰችው። አሥራ ሰባት ቀን ቆየሁ። ፈላጊዎቹ ሲመጡ ጎተራውን ተደግፋ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷ መሬት ሲነካ ይሰማኛል። ሞት አልነበረም የፈራሁት። እሷ ብቻዋን እንዳትቀር ነው።»

«ማን ያውቃል?»

«እሷ፣ እኔ፣ አሁን ደግሞ አንቺ።»

እጁን ያዘችው። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልለቀቀችውም።

«ለማንም አልናገርም፤ በማርያም!» አለችው።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ይርሳው የመጨረሻውን ሥራ ሰጡ። ከሁሉ የበለጠው ታሪክ በራዲዮ ይቀርባል፤ ጸሐፊውም አዲስ አበባ ይቀጠራል። «የምታውቁትን ሰው ጻፉ» አሉ። «ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ካላወቃችሁ ሰው አልጻፋችሁም።»

ቱፋ አክስቱ ታማበት ለሦስት ቀን ወደ ሲሬ ሄደ። ውድነሽ ብዕር ይዛ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ልትጽፍ ሞከረች፤ ሁሉም እንደዚያ እንደማያስነጥሰው ገበሬ ሆነባት። በሁለተኛው ቀን ጎተራው ውስጥ ያለውን ሰው ጻፈች። ስሙን ቀየረች። ሲሬን አቦምሳ አለችው። አክስትየውን እናት አደረገቻት። መጨረሻው ላይ ጀግናዋ በገዛ ፈቃዱ ከጎተራው ወጥቶ ይዘምታል፤ ይህን ስትጽፍ እንግዲህ ምንም ችግር የለውም ብላ ራሷን አሳመነች። ቱፋ ሲመለስ አስቀድሜ አሳየዋለሁም ብላ ነበር። እሱ የተመለሰው ጽሑፉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

ጋሽ ይርሳው የጸሐፊውን ስም ሳይጠሩ ጮክ ብለው አነበቡት። ገብሱ አንገት ውስጥ ሲገባ፣ እንዝርቱ መሬት ሲነካ፣ ሰውየው በጨለማ ውስጥ የግራ አውራ ጣቱን ሲያሽ…

መጀመሪያ አንዲት ልጅ ዞር ብላ ቱፋን አየች። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። አውራ ጣቱ በቀኝ እጁ ውስጥ ነበረ።

ቱፋ ማንንም አላየም፤ ውድነሽን ብቻ አየ። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈልጋ አጣች፤ ያገኘችው ባዶነት ነበር፤ ያ ደግሞ ከቁጣው ባሰባት። ጋሽ ይርሳው አንብበው ጨረሱና ምንም ሳያውቁ «ይኼ ሰው ሕያው ነው!» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት የታጠቁ ሰዎች አዳራሹ በር ላይ ጠብቀው ቱፋን ወሰዱት።

ውድነሽ ወደ ቀበሌው ሮጠች። ከሊቀመንበሩ ጎን አበጋዝ ተቀምጧል፤ የወጣቶች ማኅበር ተጠሪ ነው፤ ሥልጠናውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ተከታትሏል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈጠራ ነው፤ ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት» አለች። «እኔን እሰሩኝ። ውሸታም በሉኝ።»

አበጋዝ ፈገግ አለ።

«አብረን አይደል የተማርነው፣ ውድነሽ? ‹የምታውቁትን ሰው ጻፉ› ተባልን። አንቺ ጎበዝ ተማሪ ነሽ።»

ያን ቃል ዕድሜ ልኳን ስትወደው ኖራለች።

ቱፋንና ሌሎች ምልምሎችን የጫኑት ኦራል መኪናዎች ከአሰላ ሲንቀሳቀሱ ጭጋጉ ገና ከጭላሎ ተራራ አልተነሣም። በመንገዱ ግራና ቀኝ እናቶች ይጮኻሉ። ድንገት አንዲት አሮጊት መንገዱ መካከል ገብታ ቆመች። በሁለት እጇ ሲንቄ ይዛለች። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት፤ እሷን ይዛ የቆመችን ሴት ወንድ አልፎ አይሄድም።

የፊተኛው መኪና ሾፌር የኢተያ ሰው፣ ከዲሮ የሚባል ነበር። ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንክ? ንዳ!» ብሎ ጮኸበት ከጎኑ ያለው አሥር አለቃ።

«አልነዳም፤ ከፈለጉ ይግደሉኝ» አለ ከዲሮ፣ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ።

አሥር አለቃው ወርዶ አሮጊቷን ሊገፋ ሲሄድ ሌሎች ሴቶች ከየጠርዙ መጥተው ከበቧት። በዚያ ግርግር ውድነሽ መኪናው ሥር ደረሰች። ቱፋ የመኪናውን ጠርዝ ይዞ ሲንቄ የያዘችውን አክስቱን እያየ ነበር።

«ቱፋ! ቱፋ፣ እየኝ!»

ወደ ታች አያት። ጸጉሩን ላጭተውታል።

«ስለምወድህ ነው የጻፍኩት!» አለች እያለቀሰች። «ስለምወድህ ነው…»

እጁን ከጠርዙ አነሣ።

«ደብዳቤ አትጻፊልኝ» አላት።

ወታደሮቹ ሴቶቹን በሰደፍ በተኑ። ወይዘሮ ዲንቂን ሁለት ሰዎች አንሥተው ከመንገዱ ዳር አስቀመጧቸው። ከዲሮን አውርደው ሌላ ሾፌር አስቀመጡ። መኪናዎቹ ወደ ናዝሬት ወረዱ።

ሥልጠናው ሲዘጋ የአዲስ አበባው ሥራ ለውድነሽ ተሰጠ። እሷ ግን ሲሬ እንድትመደብ ማመልከቻ አስገባች። አባቷ አቶ ተክለወልድ «ለማታውቂያት አሮጊት ገረድ ልትሆኚ!» ብለው በሩን ዘጉባት።

ሲሬ ደርሳ ወይዘሮ ዲንቂ ደጃፍ ላይ ቆመች። ኦሮምኛዋ የገበያ ነበር፤ በተሰባበረ ቋንቋ ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ሰምተው ጨረሱ።

«ልጄ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«እኔም አላውቅም» አሉና ከበሩ ዞር አሉላት። «ግቢ።»

ጠዋት ታስተምራለች፤ ከሰዓት ውሃ ትቀዳለች፣ ታርማለች፣ በመኸር ታጭዳለች። መዳፏ ተላጠ፤ ከዚያ ደነደነ። አሮጊቷ ለወራት ከሥራ ትእዛዝ በስተቀር ቃል አልተነፈሱላትም።

በዓመቱ ከኤርትራ ደብዳቤ መጣ። ማንበብ የምትችለው ውድነሽ ብቻ ናት። እየተረጎመች ስታነብ መካከል ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ።

«ምን ይላል?»

ልትዘልለው ትችል ነበር። አልዘለለችውም።

«‹ያቺ ልጅ ከመጣች ቤትሽ እንዳታስገቢያት› ይላል።»

አሮጊቷ እሳቱን ቆሰቆሱ።

«ደብዳቤው ዘግይቶ ደረሰ» አሉ። «ቀጥይ።»

መልሱን እሳቸው እየተናገሩ እሷ ጻፈችው። ከራሷ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በ1980 ዓ.ም. ከግንባር ክፉ ወሬ ተሰማ፤ የሞተም የተማረከም ስም የሚነግራቸው ጠፋ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቆጥ ላይ እየተኙ፣ አንዷ ስትነቃ ሌላዋ የተኛች እየመሰለች ከረሙ። በ1983 ዓ.ም. የገብሱ አዝመራ ሳይገባ ወይዘሮ ዲንቂ ዐረፉ። እጃቸው በውድነሽ እጅ ውስጥ ነበረ።

መንግሥት በወደቀ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኔ መባቻ 1983፣ አንድ ሰው ከመንገዱ ወደ ግቢው ገባ። ልብሱ አፈር መስሏል፤ እግሩን በጨርቅ ጠምጥሟል። ውድነሽ አጥሩ ሥር እያረመች ነበረች። ቀና ስትል ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ አየችው።

«አዳዳስ?» አለ።

ለስድስት ወር ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ያለፈው ኅዳር…» አለች።

ቱፋ ቀስ ብሎ ግድግዳው ሥር ያለው መደብ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ። እግሩን ከጨርቁ ፈትታ አጠበችለት፤ አልከለከላትም። ሦስት ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን ጠዋት መደቡ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘችው።

«ፊደልሽን አውቄዋለሁ» አለ ሳያያት። «እሷ ያስጻፈችውን ደብዳቤ ሦስት ዓመት ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። ስማረክ ወሰዱብኝ።» አውራ ጣቱን አሸ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ጻፍሽው?»

ውድነሽ ያኔ መኪናው ሥር ሆና የሰጠችውን መልስ መድገም ትችል ነበር።

«እወድህ ነበር፤ እሱ እውነት ነው» አለች። «የጻፍኩት ግን ለዚያ አይደለም። ጎበዝ እንድባል ነው። አንተን ያህል የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ እና ሸጥኩህ።»

ቱፋ ቀና ብሎ እጆቿን አያቸው። የተሰነጣጠቁ፣ አፈር ጥፍራቸው ሥር የገባ የገበሬ እጆች ናቸው።

«ያን ጊዜ ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ እጠላሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

ከማዶ ሰው በሬውን ሲጣራ ይሰማል። እሷ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ አሰላ የምትሄድበትን ቀን በልቧ መቁጠር ጀምራ ነበር።

«አሁን ደክሞኛል፣ ውድነሽ» አለ፤ መደቡ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። «ነይ ቁጭ በይ።»