ከስሟ በላይ የተጻፈው

ጸሐፊዋ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከብረቱ ደረጃ ሥር ወድቃ የተገኘችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። አንድ ጫማዋ እላይ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ቀርቷል። መርማሪዋ የተሸፈነችበትን ልብስ ገልጣ ፊቷን አየችና ቀስ ብላ መልሳ ሸፈነቻት። ከዚያ ደረጃውን ወጣች።

ጸሐፊዋ ትሠራበት የነበረው የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በኢሜይል ተሰናብታኛለች።»

ኮምፒውተሩን አዞረላት። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሥራ ደብዳቤ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ ያዘዘው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነበር። ደክሞኛል፣ ሥራው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ፣ ይቅርታ ይላል። ከስሟ በላይ ደግሞ «ዩር ፌይዝፉል» የሚል መዝጊያ አለ።

«‹ዩርስ ፌይዝፉሊ› ለማለት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «‹ከአክብሮት ጋር› እንደማለት። እሷ ግን ‹ታማኝህ› ብላ አረፈችው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ ብቻ። ለሌሎቹ መሞቷን እንጂ ስለ መልእክቱ ትንፍሽ አላልኩም።»

«አሁንም እንዳይሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ሟቿ ጻፈች።

መርማሪዋ ከሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀምጣ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የጸሐፊዋ ስም ወጣ። ስልኩ ከእጁ አመለጠ።

«እሷ ናት!» አለ። «በስመ አብ! እሷ ናት!»

መርማሪዋ ስልኩን አንስታ አነበበች። በባሕር ማዶ ላለው መድኃኒት አምራች የተላከ ደብዳቤ ግልባጭ ነው። «የልጆቹ ሽሮፕ ጊዜው ማለፉን ገልጻችሁ የጻፋችሁልን አሁን ነው በትክክል የገባኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ እየተሸጠ ነው። የካርቶኖቹን መለያ ቁጥር ላኩልኝ፤ ላስሰበስበው ነው» ይላል። መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው።

ከግድግዳው ማዶ የእሷ ክፍል ባዶውን ነበር። ቢሆንም ሁለቱም ጆሯቸውን ወደዚያ አቀኑ።

ጸሐፊዋን እንግሊዝኛ የሚያስተምራት መምህር ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን መንገድ ላይ ሲጨቃጨቃት ታይቷል። መርማሪዋ መማሪያ ክፍሉ ድረስ ሄዳ አገኘችው።

«ምን አጣላችሁ?»

«መዝጊያ» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «የምትጽፊለትን ሰው በስሙ ከጠራሽው ‹ሲንሲርሊ›፣ ስሙን ካላወቅሽ ‹ፌይዝፉሊ› ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ዛሬ ማን ይጠነቀቃል፣ ‹ቤስት ሪጋርድስ› በይና ተገላገይ ብላት ተቆጣች። ‹ስሜን የማኖርበት ነገር፣ ከስሜ በላይ ያለው ትክክል መሆን አለበት› አለችኝ።»

«‹ዩር ፌይዝፉል› ብላ አታውቅም?»

«ድሮ! ቢሮ ውስጥ ሲስቁባት ሰምታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተችም።»

«ዛሬ ጠዋት ከእሷ ደብዳቤ መጥቷል።»

መምህሩ ቁጭ አለ። «ወደ ውጭ የሚሄደውን ኮምፒውተሩ ራሱ በማግስቱ ጠዋት እንዲልከው አድርጋ ነው የምትተወው። ማታ አብረን እናየዋለን፤ ስህተት ካለበት ታስቀረዋለች። ትናንት ግን... አልመጣችም።»

የጸሐፊዋ ታናሽ እህት ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ ተቀበለቻት። እጇ እርጥብ ነው።

«እታለም ዕቃ ስታጥብ እንኳ ያን ‹ሲንሲርሊ› የሚሏትን ትደጋግማለች። ምላሷ ይያዝና ትስቃለች። አሁን ቧንቧውን ስከፍተው ሰማኋት። እብድ አይበሉኝ።»

«አልልሽም። ሰሞኑን ምን ከብዷት ነበር?»

«‹ሰው ተርጉሞ በነገረኝ ነገር ሥር ስሜን ሳኖር ኖሬያለሁ› አለችኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።»

የቀረው የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ ነበር። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። በሞተችበት ቀን ከረፋድ በኋላ እንዳላያት፣ ከሰዓት በኋላም ውጭ እንደነበረ ተናገረ።

«እንግሊዝኛዋስ እንዴት ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«ኧረ ይተዉኝ!» ብሎ ሳቀ። «ድሮ ደብዳቤ የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ‹ዩር ፌይዝፉል›! ላገኘችው ፈረንጅ ሁሉ ‹ታማኝህ ነኝ› ስትል ኖረች። የመጨረሻዋንም በዚያችው ፈርማ ሄደች። ነፍሷን ይማር።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በጸሐፊዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበሯ ላይ ማንም ለመቀመጥ አልደፈረም።

«ሁለት ደብዳቤዎች አሉ» አለች መርማሪዋ። «ሁለቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ ኮምፒውተር የተጻፉ። አንደኛው መዝጊያው ልክ ነው። ሌላው እሷ የተወችውን የድሮ ስህተት ይዟል። ሁለተኛውን የጻፈው እሷን ለመምሰል የሞከረ ሰው ነው። የሚያውቀው ግን የድሮዋን ብቻ ነው።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እርስዎ በየቀኑ ያነቧታል። ስህተቱን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ከ... ከስንት ጊዜ በኋላ ትናንት ብቻ ነው ያየሁት» አለ፤ ያኔ ነገሩ ገባው።

«መምህሩ ራሱ ነው ያረማት። እህቷ እንግሊዝኛ አታውቅም። አንድ ሰው ይቀራል። ራሷ ማንበብ ስትጀምር ደብዳቤ ማስተርጎም አቆመች፤ ስለዚህ የተለወጠችውን ሳያይ ቀረ።»

የሽያጭ ኃላፊው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በአንዲት ቃል ሰው ይወነጀላል እንዴ?»

«‹የመጨረሻዋንም በዚያችው ፈርማ ሄደች› ብለውኛል። የመጨረሻ ደብዳቤ እንዳለ ማን ነገርዎት?»

ሰውዬው ሥራ አስኪያጁን አየ።

«እኔ አልነገርኩህም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለማንም አልነገርኩም።»

«አምራቹ ሽሮፑ ይወገድ ብሎ ሲጽፍ ‹ዋጋ ተለወጠ ነው የሚለው› ብለው ተረጎሙላት» አለች መርማሪዋ። «የነገሯትን ደብዳቤው ጥግ ላይ በእጇ ጽፋዋለች። ሽያጩንም በእሷ ስም አስቀጠሉ። ትናንት አሮጌውን ደብዳቤ ራሷ አነበበችው።»

የሽያጭ ኃላፊው ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ወለሉ ወረደ። «ደረጃው እርጥብ ነበር» አለ። «ገፋ ሳደርጋት... ኮምፒውተሯ ክፍት ነበር። ሰው ከመምጣቱ በፊት ጻፍኩ።»

ታናሽ እህቷ ፊቱ ድረስ ሄዳ ቆመች።

«ፈርታ ነበር?» አለችው።

ሰውዬው ቀና ማለት አቃተው።

«አልፈራችም። ‹ወረቀቱ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው፤ አብረሽኝ ነው የምትታሰሪው› አልኳት።» ወደ ባዶው ወንበሯ ቀና አለ። «‹እታሰራለሁ› አለችኝ።»